ምዕራፍ ሰባት፦ ከቆጠራ ወደ ዘረፋ

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ፣ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት በኩል ያለች ከተማ ናት። ስንዴም በቆሎም ታበቅላለች፤ ስሟን ሩቅ ሀገር ያደረሰው ግን የቅኔ ጉባኤዋ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ስትሆን ሌሎቹ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን ያነበበ ሰው ባለ ታሪኩ በዛብህ ከየትኛው ኑሮ እንደ ተቀዳ ለመገመት አይቸገርም።

በቅኔ ቤት ጀማሪው «ይቆጥራል»፣ የበቃው «ይዘርፋል» ይባላል። ጀማሪው ማታ ቃል ከቃል ሲያገጣጥም፣ ቤቱንና ልኩን ሲያስተካክል ያመሻል፤ ሲነጋ ለየኔታ ያቀርባል፤ የኔታ ያርሙለታል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እየወጣ ይሄዳል። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት መምህሩ ያሉትን ሳያዛንፍ የደገመ ጎበዝ ነው። ቅኔ ቤት ግን የትናንቱን ዛሬ ይዞ የመጣ ባዶ እጁን እንደ መጣ ይታያል። ከራሱ አዲስ የሚያመነጭ፣ በጉባኤ መካከል ሲጠሩት የማይደናገጥ፣ እሱ ዘራፊ ይባላል። ከተማ ያደገ ሰው ቃሉን ሲሰማ ኪሱን ቢዳስስ አይፈረድበትም።

ይህ ምዕራፍ የሚያወራው በሒሳብና በስታቲስቲክስ ስለሚሠራ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። «ማስተርስ ከመጀመሪያው ዲግሪ በምን ይለያል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ወጣት መምህራን ከእነዚህ ከሁለቱ የቅኔ ቤት ቃላት የተሻለ መልስ አላገኘሁም። የመጀመሪያው ዲግሪ ቆጠራ ነው፤ ቀመሩ ተሰጥቷል፣ ልኩ ታውቋል፣ ተማሪው ያገጣጥማል። ሁለተኛው ዘረፋን የሚጀምር ነው። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማሳየት ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ከአብነት ትምህርት ቤት፣ ከባሕረ ሐሳብ ልነሣ።

ባሕረ ሐሳብ በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ የሚወጣበት ሥልት ነው፤ ትውፊቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የ2017ን እናውጣ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 12 ይተርፋል። ከቀሪው አንድ ሲነሣ 11 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ተጥሎ ቀሪው ሲያዝ፣ 1፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ ደግሞ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ ወደ ጥቅምት ይሻገራል። ስለዚህ የ2017 በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ነበር፤ ዕለቱም ረቡዕ። ለየዕለቱ ተውሳክ አለ፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 29 እና 4 ሲደመሩ 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ሰኞ ገባ። በዚያ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 12፤ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ።

ይህን ሁሉ አንድ የደብረ ኤልያስ ወይም የዲማ ተማሪ ያለ ወረቀት በቃሉ ያወጣዋል። «አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም ሠላሳ ናቸው» የሚለውንም ሕግ ያውቃል፤ ስሌቱን የሚፈትሸው በእሱ ነውና። 1 እና 29 ሠላሳ ናቸው። በ2018 ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው፤ አሁንም ሠላሳ።

የሒሳብ ማስተርስ ተማሪ እዚህ ላይ ይቆምና ለምን ይላል። መልሱ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ማንኛውም ወንበር አንድ ጊዜ በ11፣ አንድ ጊዜ በ19 ተባዝቶ ሁለቱ ቢደመሩ፣ በ30 እንደ ተባዛ ይቆጠራል፤ 11 እና 19 ሠላሳ ናቸውና። በሠላሳ የተባዛ ነገር በሠላሳ ሲገደፍ ምንም አይተርፈውም። እንግዲህ ከሁለቱ የተረፉት ቁራጮች ተገጣጥመው አንድ ሙሉ ሠላሳ ከመሆን ሌላ መንገድ የላቸውም። ወንበሩ ዜሮ በሚሆንበት ዓመት ሊቃውንቱ አበቅቴውን «ዓልቦ»፣ መጥቅዑን 30 ይሉታል፤ ሕጉ እዚያም አይሰበርም። ተማሪዎች «ፕሩፍ» የሚሉት ማረጋገጫ ይህ ነው። አሥራ ዘጠኙን ወንበር አንድ በአንድ ሞክሮ ማየትም ይቻል ነበር፤ ያም ማረጋገጫ ነው፤ ነገር ግን ትክክል መሆኑን ነግሮ ለምን ትክክል እንደ ሆነ አይነግርም።

አንዱ ለምን ሌላውን ይጎትታል። 11 ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን ጨረቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ተወልዳ የምትሞላበት ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 11 ነው። 19ስ? 19 የፀሐይ ዓመታትና 235 የጨረቃ ወራት ርዝመታቸው በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ይለያያል፤ ይህን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ተጠቅሞበታል። ጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ደግሞ በ1801 እ.ኤ.አ.፣ በ24 ዓመቱ፣ ቁጥርን «እየገደፉ» ማስላትን ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው። ዛሬ በማስተርስ የአልጀብራ ክፍል ተማሪው ስለ ግሩፕና ስለ ሪንግ ሲማር፣ ከመጀመሪያዎቹ ምሳሌዎች አንዱ ይኸው የግድፈት ስሌት ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የተፈለሰፈውና በኢንተርኔት የሚተላለፍን ምስጢር ለመጠበቅ በሰፊው ያገለገለው አርኤስኤ የተባለው ሥልትም በግድፈት ላይ የቆመ ነው፤ እዚያ የሚገደፈው በሠላሳ ሳይሆን በመቶዎች በሚቆጠሩ አኃዞች በሚጻፍ ቁጥር ነው።

የቀረው ኮርስ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ሪያል አናሊሲስ፣ ፈንክሽናል አናሊሲስ፣ አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ኑሜሪካል አናሊሲስ፤ ከዚያ ቴሲስ። በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለምሥራቅ ጎጃም ልጅ ነገሩ በእውነት የቀረበው ግን በጣም ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ባሕር ዳር፣ በኋላም በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መጡ። ዛሬ ከደብረ ኤልያስ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ የሚነሣ አመልካች መጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት።

በሒሳብ ማስተርስ ክፍል ውስጥ ከማገኛቸው ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። በጋውን ጠመኔ ይዘው፣ ክረምቱን ደብተር ይዘው ያሳልፋሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ ጥያቄው መጀመሪያ የወደቀው በእነዚህ መምህራን ላይ ነበር። ለደመወዝ እርከን ሲል የሚማር አለ፤ አልነቅፈውም፣ የቤት ኪራይ በማረጋገጫ አይከፈልም። ግን እሱም ቢሆን ሪያል አናሊሲስን ካለፈ በኋላ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?» ሲለው «ሕጉ ነው» ብሎ አያልፈውም።

ስታቲስቲክስ ሲመጣ ነገሩ ይቀየራል። ሒሳብ እርግጠኝነትን ይሻል፤ ስታቲስቲክስ ደግሞ እርግጠኛ አለመሆንን በልኩ መናገር ነው። የቢቸና ገበያ የጤፍ ሸማች ይህን ያውቃል። ከኩንታሉ አፍ ላይ ያለውን ዘግኖ አይገዛም፤ ላይ ላዩ ተበጥሮ ሊሆን ይችላልና እጁን እስከ ክንዱ ያስገባል። አንድ እፍኝ ስለ መቶ ኪሎው ሊመሰክር የሚችለው ከየትም ቦታ የመዘገን ዕድሉ እኩል ሲሆን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ645 የቆጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን ጠይቆ ስለ መላ ሀገሪቱ ተናግሯል። ከአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን ያወቅነው ከዚህ እፍኝ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የስሕተቱ መጠን የሚወሰነው በኩንታሉ ትልቅነት ሳይሆን በእፍኙ ነው። ያውም ስስታም በሆነ መንገድ፦ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ እፍኙን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የአንድ ጎጥ ሰዎች ደግሞ ይመሳሰላሉ፤ ውሃቸው አንድ፣ ጤና ጣቢያቸው አንድ። ከአንድ ጎጥ ሠላሳ ቤት መጠየቅ ከሠላሳ ጎጥ አንድ አንድ ቤት የመጠየቅን ያህል አያስተምርም። ይህን ቸል ብሎ የተጻፈ ቴሲስ ብዙ አይቻለሁ፤ ውጤቱ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ይመስላል።

ከናሙና ይልቅ ሁሉንም ቢቆጥሩትስ? ቆጠራም ጥያቄ ያመጣል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ነበር፤ በ1999ኙ 17.2 ሚሊዮን ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው፤ ዕድገቱ በዓመት 1.7 በመቶ ገደማ። የሀገሪቱ 2.6 በመቶ ነበር። ክልሉ በሀገሪቱ ልክ አድጎ ቢሆን 19 ሚሊዮን ይደርስ ነበር። ውጤቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ አባላት «የት ገባ?» ብለው ጠየቁ፤ አስቀድሞ ከተተነበየው ጋር ሲነጻጸርማ ጉድለቱ ከ2 ሚሊዮንም በላይ ተባለ።

ለዚህ ጥያቄ አንዱ «ሰረቁን» ሌላው «ምንም አልጎደለም» ይላል። የስታቲስቲክስ ተማሪ ሁለቱንም ይተውና ወረቀት ያወጣል። የአንድ ክልል ሕዝብ የሚለወጠው በልደት፣ በሞትና በፍልሰት ብቻ ነው፤ አራተኛው ነገር የቆጠራው ስሕተት ነው። ልደትን እንይ፦ በ2005 እ.ኤ.አ. ጥናት መሠረት አንዲት እናት በዘመኗ የምትወልደው በሀገር ደረጃ በአማካይ 5.4፣ በአማራ ክልል 5.1 ነበር። ልዩነቱን በዓመታቱ ላይ በግርድፉ ሳሰላው ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ቀሪው ለሞት፣ ለፍልሰትና ለቆጠራ ስሕተት የሚከፋፈል ነው፤ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርሰው ከነስሕተት ወሰኑ ማስቀመጥ ደኅና የማስተርስ ሥራ ነው። የሚቀጥለው ቆጠራ ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተደጋግሞ ተራዝሟል። መሠረቱ እንዲህ ካረጀ፣ በእሱ ላይ የሚወሰድ ናሙናም አብሮ ያረጃል።

በክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጻፉ ብዙ የስታቲስቲክስ ቴሲሶች ከሆስፒታል ካርድ የሚነሡ ናቸው፤ አንድ ታካሚ ሕክምና ከጀመረ በኋላ ስንት ጊዜ ቆየ የሚሉ። ችግራቸው ሁሌም አንድ ነው፤ ካርዱ መሐል ላይ ይቆማል። ታካሚው ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውሯል፣ ወይም ጠፍቷል። ሞተ እንበለው? ዳነ እንበለው? ወይስ ካርዱን እንጣለው?

መልሱን በቅኔ ተማሪዎች ላሳይ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ ነው። የኔታ አሥር ተማሪ ተቀበሉ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ ለዘረፋ በቁ። ስምንት ቀሩ። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ አራቱ አኩፋዳቸውን አንሥተው ወደ ሌላ ቅኔ ቤት፣ ወደ ዋሸራ ሄዱ፤ የቆሎ ተማሪ ወጉ ነውና። ከቀሩት አራቱ ሁለቱ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ ስንቱ ይበቃል? የሄዱትን እንዳልቻሉ ከቆጠርናቸው ከአሥሩ አራት፣ 40 በመቶ። ጭራሽ ከዝርዝሩ ካወጣናቸው ከስድስቱ አራት፣ 67 በመቶ። የመጀመሪያው የሄዱትን ይበድላል፤ ሁለተኛው አንድ ዓመት ተኩል መቆየታቸውን እንዳልነበረ ያደርጋል።

ካፕላንና ማየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መንገድ ሦስተኛ ነው፦ እያንዳንዱን ሰው በጉባኤው እስከ ነበረበት ቀን ድረስ ብቻ ቁጠር። በአንደኛው ዓመት ከአሥር ስምንቱ አልበቁም፤ 0.8። በሁለተኛው፣ በቦታው ከነበሩት ከአራት ሁለቱ አልበቁም፤ 0.5። ሁለቱ ሲባዙ 0.4፤ ስለዚህ 60 በመቶው ይበቃል። የሄደው ሰው እስከ ሄደበት ቀን ያለውን ምስክርነት ሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ዝም እንላለን። አንድ ሐሳብ መጨመር ግን ግድ ነው፤ የሄዱት ከቀሩት በችሎታ የማይለዩ መሆን አለባቸው። ሰነፎቹ ተመርጠው ሄደው ከሆነ 60ው ውሸት ነው። አር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህ ሁሉ በሁለት መስመር ይሠራል፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ሶፍትዌሩ አይጠይቅም። በዲፌንስ ቀን የሚጠይቀው ፈታኙ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለውም እዚህ ነው።

ቴሲሱ ራሱ ከየት ይመጣል? አዲሱ ተማሪ የዓለምን ትልቅ ችግር እንዲፈታ የሚጠበቅበት ይመስለውና ስድስት ወር ያባክናል። ማስተርስ ጉባኤ ቃና ናት፤ ሁለት ቤት፣ ግን የራስ። አንዲት ለማስተዋል ቀላል የሆነች፣ ሰው ሁሉ አይቶ ያለፋት ጥያቄ ትበቃለች።

ለምሳሌ ከላይ ወደ ተዘረዘረው የዕለት ተውሳክ እንመለስ። ተውሳክ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንድትገባ የሚያደርግ ቁጥር ነው። ከመስከረም እስከ ጥር፣ ወይም ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ አራት የሠላሳ ቀን ወራት አሉ፤ 120 ቀን፣ ማለትም 17 ሳምንት ከአንድ ቀን። በዓለ መጥቅዕ ረቡዕ ከዋለ ከ120 ቀን በኋላ ሐሙስ ነው፤ 4 ሲጨመርበት ሰኞ። ዓርብ ከዋለ ቅዳሜ ይሆናል፤ 2 ሲጨመር ሰኞ። ቅዳሜ ከዋለ እሑድ ይሆናል፤ ሰኞ ለመድረስ 1 ይበቃዋል። ታዲያ የቅዳሜ ተውሳክ ለምን 8 ሆነ? ሰባት ቀን ሙሉ የተጨመረው ለምንድን ነው?

ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው። 120 እና 69 ሲደመሩ 189፤ በዚያ ላይ ተውሳኩ ይጨመራል። ተውሳኩ 1 ቢሆን ፋሲካ ከበዓለ መጥቅዕ በ190ኛው ቀን ይውላል። በባሕረ ሐሳብ የአይሁድ ፋሲካ የሚውለውም በዚሁ በ190ኛው ቀን ነው። ትንሣኤ ደግሞ ከአይሁድ ፋሲካ በኋላ በሚመጣው እሑድ እንጂ ከእሱ ጋር በአንድ ቀን እንዳይውል ሥርዓት ተሠርቷል። ስለዚህ ሊቃውንቱ 1ን ዘለው አንድ ሳምንት ገፉት፤ ተውሳኮቹም ከ1 እስከ 7 መሆናቸው ቀርቶ ከ2 እስከ 8 ሆኑ። በአብነቱ ያረጁ መምህር ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። እኔ ግን ስምንቱን በልጅነቴ ሸምድጄ፣ ለምን ብዬ የጠየቅሁት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሆኜ ነው።

ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት ወረቀት ያውጡና የ2019ን ይሥሩ። መስከረም 1 ቀን ዓርብ ነው። ወንበሩ 13 ይመጣል፤ መጥቅዑ ከ14 ያንሳልና በዓሉን ወደ ጥቅምት ያሻግሩት፤ ዕለቱ ቅዳሜ ሆኖ ያገኙታል። በ1 ቢሠራ ፋሲካ ሚያዝያ 17፣ የአይሁድ ፋሲካ በሚታሰብበት በዚያው እሑድ ይውል ነበር። በ8 ሲሠራ ሚያዝያ 24 ይውላል።